የደሬሎች ድራማ እና መጽሐፉ ለምን እንዲህ ተራራቁ?

የማታ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። «ዘ ደሬልስ» የሚለውን ድራማ ሰሞኑን ጨረስኩት። ላላያችሁት ባጭሩ፦ በ1935 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ባሏ የሞተባት አንዲት እንግሊዛዊት አራት ልጆቿን ይዛ ከቦርንመዝ ትነሳና ኮርፉ የምትባል የግሪክ ደሴት ላይ ኑሮ ትጀምራለች። ትልቁ ላሪ ደራሲ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። ሌስሊ ከጠመንጃው አይለይም። ማርጎን በየጊዜው ፍቅር ይይዛታል። ትንሹ ጄሪ ያገኘውን እንስሳ ሁሉ እቤት ይሰበስባል። ቤቱ ሁሌ ጩኸት ነው፣ ሁሌ ይጣላሉ፣ ግን አንዱ ለአንዱ ይሞታል። በጣም ነው የወደድኩት። እናትየዋን ሉዊዛን የምትጫወተው ኪሊ ሃውስ ዝም ብላ ቆማ እንኳ ፊቷ ያወራል።

ከዚያ መጽሐፉን ጀመርኩ። ትንሹ ልጅ ጄራልድ ደሬል አድጎ በ1956 ያሳተመው የልጅነት ትዝታ ነው፤ ርዕሱን «ቤተሰቤና ሌሎች እንስሳት» ብንለው ያስኬዳል። አሁን መሃሉ ላይ ነኝ፣ ግን ግራ ገብቶኛል። እናትየዋ የታለች? አለች፣ ግን ወይ ወጥ ቤት ናት፣ ወይ አትክልቷ ውስጥ ናት፣ ወይ ልጆቿ ሲጨቃጨቁ «ኧረ ተዉ» እያለች ነው። ከባለታክሲው ከስፒሮ ጋር የነበራት ነገርማ ሽታውም የለም! ድራማው ላይ ልቤን አንጠልጥሎ እስከ መጨረሻው የወሰደኝ እሱ ነበር እኮ። በምትኩ ስለ ሸረሪት ገጽ ሙሉ፣ ስለ ኤሊ ገጽ ሙሉ።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ እውነቱ የቱ ጋ ነው? ሁለተኛ፣ አስር ዓመት የሆነው የእህቴ ልጅ ለነፍሳት ነፍሱን ይሰጣል። ከሱ ጋር የቱን ብጀምር ይሻላል?

አስቱ

እህቴ እኔ መጽሐፉን አስቀድሜ አንብቤ ነው ድራማውን ያየሁት፣ እና ድራማው ያደረገው ነገር ልክ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩን ከጸሐፊው በኩል እዪው። ስክሪፕቱን የጻፈው ሳይመን ናይ ነው። ይኸው ሰውዬ በ2005 ለቢቢሲ ከዚሁ መጽሐፍ አንድ ፊልም ጽፎ ነበር፣ ኢሜልዳ ስታውንተን እናትየዋን የሆነችበት። እሱ አንድ ተኩል ሰዓት አካባቢ ነው፣ መጽሐፉን መከተል ይችላል። ይሄኛው ግን ከ2016 እስከ 2019 አይቲቪ በሚባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየ 26 ክፍል ነው። ለ26 ክፍል አንድ ነገር የጎደለው ሰው ያስፈልግሻል። ጄሪ ደግሞ ምንም አልጎደለውም! ጠዋት ይነሳል፣ ውሻውን ይዞ ይወጣል፣ ሲመሽ ኪሱን በሚንቀሳቀስ ነገር ሞልቶ ይመለሳል። ደስተኛ ልጅ ለማንበብ ግሩም ነው፣ ለአራት ሲዝን ግን አይበቃም።

የጎደላት እናትየዋ ናት። ሉዊዛ ኮርፉ ስትገባ ሃምሳ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ባሏ የለም፣ ድራማው ላይ ገንዘቡም የለም፣ ቋንቋውን አትችልም፣ ትልቁ ልጅ አባት ልሁን ይላል፣ ትንሹ ትምህርት ቤት አልገባም ይላል። አስር ዓመት የሆነው ልጅ እናቱ ማታ ማታ ምን እንደምታስብ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ድራማው ገብቶ የጠየቀው እሱ ያልጠየቀውን ነው። መጀመሪያ ሲዝን ላይ ከስዊድናዊው ከስቬን ጋር ልትጋባ ጫፍ ደርሳ፣ ሰውየው የሚወደው ወንዶችን መሆኑ ሲታወቅ ሁሉ ነገር ሲፈርስባት፣ ያቺ ሴት «እማማ» ብቻ እንዳልሆነች ይገባሻል። እኔ እናቴን እያሰብኩ ነው ያየሁት፣ አልደብቅም።

ጋሽ ብሩ

የማታ አንባቢ፣ ልጄ፣ «እውነቱ የቱ ጋ ነው» ያልሽው ደህና ጥያቄ ነው። ግን ድራማው ዋሸ፣ መጽሐፉ እውነት ተናገረ ብለሽ አትነሺ። መጽሐፉም ታስቦበት የተሰናዳ ነገር ነው።

ላሪን ውሰጂ። መጽሐፉ ውስጥ ወንደላጤ ነው፣ ከእናቱ ጋር አንድ ቤት ይኖራል፣ ምሳ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሲተች ይውላል። በእውኑ ግን ሎረንስ ደሬል በ1935 መጀመሪያ ናንሲ የምትባል ሠዓሊ አግብቶ ነበር። ኮርፉ የሄደውም ከሚስቱ ጋር ነው። በኋላም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ካላሚ በሚባል መንደር፣ ባሕሩ አፍንጫ ሥር ባለ ነጭ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ኖረዋል፣ ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ናንሲ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለችም። አንድ ሙሉ ሰው ነው የወጣው! ድራማውም ላሪን እናቱ ቤት ነው ያስቀመጠው፣ ማለትም እዚህ ላይ የተከተለው ታሪኩን ሳይሆን መጽሐፉን ነው።

ዶክተር ቴዎዶር ስቴፋኒደስንም እዪ። እውነተኛ ሰው ነው። የኤክስሬይ ሐኪም፣ ገጣሚ፣ ከዚያም አልፎ ስለ ኮርፉ ኩሬዎችና ጉድጓዶች ሕይወት ትልቅ ጥናት የጻፈ፤ በ1948 ታትሟል። ይህ ሰው አሌክሲያ የምትባል ልጅ ነበረችው፣ የጄሪ የጨዋታ ጓደኛ። እሷም የለችም። ለምን ብትይ፣ ለኔ እንደሚመስለኝ፣ ከወይራ ዛፎቹ መሃል ውሻውን ብቻ አስከትሎ የሚዞር ብቸኛ ልጅ ለተረኩ ይሻል ነበር። ጄራልድ ይህን ሁሉ የጻፈው ደሴቲቱን ከለቀቁ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ቦርንመዝ ውስጥ፣ ማርጎ ክፍል ታከራይበት በነበረው ቤት ተቀምጦ ነው። እየናፈቀ የሚጽፍ ሰው የሚናፍቀውን አስቀርቶ ሌላውን ይተዋል።

እናትየዋም እንዲሁ ናት። ባሏ መሐንዲስ ነበር፣ በ1928 ሕንድ አገር ሞተ። እሷ ራሷ ሕንድ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እንግሊዝም ለሷ ከኮርፉ ባልተናነሰ ባዕድ ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ሉዊዛ ከባሏ ሞት በኋላ በሐዘንና በመጠጥ ክፉኛ መጎዳቷን ጽፈዋል። ጄራልድ ይህን መጽሐፉ ውስጥ አላስገባም። እናቱ በሕይወት ነበረች እኮ፣ እስከ 1964 ድረስ ኖራለች። እና የመጽሐፉ «እማማ» ያን ያህል ለስላሳና ሐሳብ የለሽ የሆነችው ልጇ ስለሸፈናት ነው ብዬ አምናለሁ። በፍቅር ነው የሸፈናት። ድራማው መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አደረገው።

የስፒሮ ፍቅር ግን ፈጠራ ነው። ስፒሮ ሃሊኪዮፑሎስ አሜሪካ ኖሮ የመጣ፣ «አሜሪካኖስ» የሚሉት እውነተኛ ባለታክሲ ነበር፣ ቤተሰቡንም እንደ ራሱ ቤተሰብ ነው የያዘው። ከሉዊዛ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ነበር የሚያሰኝ ግን ምንም የለም። መጽሐፉ ውስጥ እንደሷ ዓይነት እናት ቢኖረው በየጠዋቱ ተንበርክኮ እግሯን እንደሚስም ለልጆቹ ይናገራል። ፍሬዋ ያቺ ትመስለኛለች፣ ሳይመን ናይ ውሃ አጠጥቶ ዛፍ አደረጋት።

ጉጉት ወዳጅ

ሁላችሁም ስለ ሰዎቹ ነው የምታወሩት። እንስሳቱስ?

እኔ የድራማው ቂም አለብኝ፣ በግልጽ እናገራለሁ። ድራማው ላይ እንስሳ ማለት አንድ ሰው እንዲጮህ በር ላይ ብቅ የሚል ነገር ነው። ፔሊካን ይገባል፣ ማርጎ ትጮኻለች፣ ላሪ አንድ ነገር ይላል፣ ካሜራው ወደ ሌላ ይሄዳል። ጄሪን የሚጫወተው ማይሎ ፓርከር ጥሩ ነው፣ ልጁ እንስሳ አያያዝ ያምርበታል። ግን ሲያይ አናየውም። መጽሐፉ ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፣ ማየት ነው።

የማታ አንባቢ፣ «ስለ ሸረሪት ገጽ ሙሉ» ያልሽውን ቀስ ብለሽ መልሰሽ አንብቢው። ልጁ አረንጓዴ በለበሰ የአፈር ግድግዳ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ክብ ክብ ምልክቶች ያያል። ምን እንደሆኑ ያጣል። ያንሰላስላል፣ ይዞራል፣ አያገኘውም። በመጨረሻ አስተማሪው ጆርጅ ከቴዎዶር ጋር ያገናኘዋል። ጢሙ የተከበከበ፣ ኮቱ የተተኮሰ፣ ዓይን አፋር ትልቅ ሰው። ቴዎዶር ይጎነበስና በሰንጢው ጫፍ ክቡን ነገር ቀስ አድርጎ ያነሳዋል፣ እና እንደ ክዳን ይከፈታል! ከሥሩ በሐር የተለበጠ ጉድጓድ አለ፣ ሸረሪቷ ቤቷን በር ሠርታለታለች። በቃ፣ ይኸው ነው ክስተቱ። ማንም አልተሳመም፣ ማንም አልተጣላም። እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ ትንፋሼን ይዤ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ቴዎዶር ለልጁ ደብዳቤና የኪስ ማይክሮስኮፕ ይልክለታል፣ ደብዳቤው እንደ እኩያ የሚያናግረው ነው። የልጁ ዕጣ የተወሰነው እዚያ ላይ ነው የሚመስለኝ።

ሌላም አለ፤ ከኋላዋ መቆንጠጫ ያላት ትንሽ ነፍሳት እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ ሲያገኛት ልጁ እንዳትረበሽ ማስታወቂያ ይሰቅልላታል፣ እዚህ ጎጆ አለ፣ እባካችሁ ዝም በሉ የሚል፣ ፊደሉ ግማሹ የተሳሳተ። ይሄ ልጅ ነው የጠፋብኝ ድራማው ላይ።

ደራሲው ራሱ መግቢያው ላይ ምን እንደሚል ታስታውሳላችሁ? ስለ ደሴቲቱ ተፈጥሮ ሊጽፍ ነበር የተነሳው፣ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ቤተሰቡን አስገባና ቦታውን ያዙበት። ቤተሰቡ መጽሐፉን መውረር የጀመረው ያኔ ነው። ድራማው ወረራውን ጨረሰው።

አስቱ

@ጉጉት ወዳጅ የሸረሪቷን ነገር እሺ፣ ውብ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ ያን በቴሌቪዥን እንዴት ታደርገዋለህ? መጽሐፉ ላይ የሚያምረው ክዳኑ አይደለም፣ ልጁ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። ካሜራ ክዳኑን ያሳይሃል፣ የልጁን ግርምት ግን ወይ ተዋናዩ ፊት ላይ ታገኛለህ ወይ የለም። ለሦስት ደቂቃ መሬት የሚያይ ልጅ እያየህ ትቀመጣለህ? የተፈጥሮ ዶክመንተሪ ሌላ፣ የቤተሰብ ድራማ ሌላ።

እና ቤተሰቡ በግድ የገባ እንግዳ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የቱን ነው? የጊንጧን ታሪክ አይደለም?

ጉጉት ወዳጅ

የጊንጧ ታሪክ ለኔ ነው የሚመሰክረው አስቱዬ!

ላላነበባችሁ፦ ጄሪ የአትክልቱ ግንብ ላይ ግልገሎቿን ጀርባዋ ላይ ያዘለች ጊንጥ ያገኛል። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የምናየው እናቲቱን ነው፣ ልጆቿ እንዴት ሙጭጭ ብለው እንደያዟት። በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስገባትና ሳሎን የእሳት ማንደጃው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣታል። ምሳ ይቀርባል፣ ይረሳታል። ላሪ በልቶ ሲጨርስ ሲጋራውን ሊያመጣ ይሄዳል፣ ክብሪት መስሎት ያቺን ቀፎ ይዞ ይመጣል። ወሬውን ሳያቋርጥ ይከፍታታል፣ ጊንጧ ልጆቿን እንዳዘለች እጁ ላይ ትወጣለች። ያገሳል። እጁን ያራግፋል፣ ጊንጧ ጠረጴዛው ላይ ትወድቃለች፣ ግልገሎቹ በየሳህኑ መሃል ይበተናሉ። ሠራተኛዋ ሉጋሬዚያ ሳህን ትጥላለች። ማርጎ በብርጭቆ ውሃ ትደፋለች፣ ጊንጧን ስታ እናቷን ታጥባለች። ውሻው ሮጀር ቤተሰቡ የተጠቃ መስሎት የሉጋሬዚያን ቁርጭምጭሚት ይነክሳል።

የሚያስቀው ጩኸቱ ነው፣ አዎ። ግን ልጁ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሃል የሚጨነቀው ለማን ነው? ለጊንጧ። እንዳይገድሏት። ከላይ ቀስ ብለን እናትነቷን ስላየን እኛም ለሷ እንጨነቃለን። እንስሳዋን ከውስጡ ብታወጪያት የሚቀረው ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ሲጮሁ ነው። ብዙ ጊዜ ድራማው ላይ የቀረው ይሄ ነው እያልኩ ነው።

ደግሞ ይሄ ልጅ ዝም ብሎ ያደገ አይደለም። በ1959 ጀርዚ ደሴት ላይ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ለማዳን የራሱን የእንስሳት ማቆያ ከፈተ። ሞሪሽየስ ላይ ሮዝ ርግቧ በጣት የምትቆጠር ሆና ሳለ ከጠፋችበት አፋፍ ከመለሷት ሰዎች መሃል የሱ ድርጅት አንዱ ነው። ዛሬ ጫካ ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ያ ሁሉ የተጀመረው ኮርፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲያይ ነው። እና የድራማው ልጅ ይህን ሰው የሚሆን ይመስላል ወይ ስትሉኝ፣ እጠራጠራለሁ።

ሀኒ

ጣልቃ ልግባ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፣ መጽሐፉም ድራማውም ላይ። ግሪኮቹ የት አሉ?

ደሬሎቹ እዚያ ሳሉ፣ ነሐሴ 1936 ላይ የግሪኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜታክሳስ ፓርላማውን በትኖ አገሪቱን በአምባገነንነት ያዘ። ከዚያ በፊት በ1923 ጣሊያን ኮርፉን በመድፍ ደብድባ ለጥቂት ጊዜ ይዛታለች፣ ስለዚህ የደሴቲቱ ሰው ይህን ሁሉ ያስታውሳል። መጽሐፉ ውስጥ ገበሬዎቹ ደግ ናቸው፣ ወይን ይሰጣሉ፣ ሰላምታቸው ረጅም ነው። አስር ዓመት የሆነው ልጅ ያየው ይሄንን ስለሆነ አልወቅሰውም። ድራማው ግን ከሰማንያ ዓመት በኋላ የተሠራ ነው፣ ማየት ይችል ነበር። መጨረሻው ሲዝን ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ ትንሽ ይነካካዋል፣ ቤተሰቡም በ1939 ይወጣል፣ እኛም አብረን አልቅሰን እንወጣለን። የቀሩትስ? በመስከረም 1943 ከተማይቱ በጀርመን ቦምብ ተቃጠለች። በሰኔ 1944 የኮርፉ አይሁዶች ወደ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ ወደ ኦሽዊትዝ ተጫኑ፣ ወደ 1,800 የሚሆኑ ሰዎች፣ የተመለሱት ጥቂት ናቸው።

በነገራችን ላይ እንግሊዞች እዚያ እንደ ቤታቸው የሚዝናኑትም ያለ ነገር አይደለም። ከ1815 እስከ 1864 ደሴቲቱ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች፣ ክሪኬት ትተውላቸው ሄደዋል፣ ኮርፉዎች እስከ ዛሬ ይጫወቱታል።

ድራማውን አትዩ አላልኩም። እኔም አይቼዋለሁ፣ ባሕሩን ሳይ ሆዴ ባር ባር ይላል። ግን «ያ ወርቃማ ጊዜ» ሲባል የማን ወርቃማ ጊዜ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

የማታ አንባቢ

ኧረ ተባረኩ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም።

ጋሼ ብሩ፣ ስለ ናንሲ ያሉት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ደራሲው ሰው ማውጣት ከቻለ፣ ድራማው ፍቅር ማስገባቱ በምን ይለያል? ሁለቱም የፈለጉትን አደረጉ ማለት ነው?

@ሀኒ ያልሽው ከበደኝ። ስፒሮ መኪናውን ይዞ ሲቀር ያለቀስኩት ለሉዊዛ ብዬ ነበር፣ አሁን ለሱም ጭምር ሆነብኝ።

ጋሽ ብሩ

ልጄ፣ ለኔ ይለያል። ጄራልድ የጻፈው የራሱን እናትና ወንድሞች ነው። ናንሲን ሲተዋት የራሱን ትዝታ ነው የቆረጠው፤ ቁጭ ብሎ ሊጠይቁት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፣ ላሪም ማርጎም ሌስሊም በሕይወት ነበሩ። ድራማው ግን ሊመልሱለት የማይችሉ ሰዎችን ነው የያዘው። ሉዊዛ የለችም፣ ስፒሮ የለም። ማርጎ እንኳ በ2007 አርፋለች። ሙት ሰው ላይ ፍቅር ሲለጠፍ ልጅ ልጆቹ ያዩታል። ስለዚህ ስሙ ያው ሆኖ ሰውየው ሌላ ሲሆን ቅር ይለኛል። ድራማውን አልነቅፍም፣ ያቺ ኪሊ ሃውስ ግሩም ናት፣ ላሪን የሆነው ጆሽ ኦኮነርም በኋላ ልዑል ቻርልስን ሲጫወት ዓለም አወቀው። ግን ስለ ስፒሮ ትዳር ያየሽውን ሁሉ ስለ እውነተኛው ስፒሮ እንዳትወስጂው።

ሀኒ ላነሳችው፣ ልክ ናት። አንድ ልጨምር፦ ማርጎ በ1939 ቤተሰቡ ከወጣ በኋላ ወደ ደሴቲቱ ተመልሳ ነበር፣ ከገበሬ ወዳጆቿ ጋር ልትኖር። ድራማው ላይ እንደ ቀላል ልጅ ነው የምትታየው። በእውኑ ጦርነት እየመጣ ወደ ኋላ የዞረችው እሷ ናት። ይሄ ታሪክ ቢሠራ እኔ ቀድሜ አያለሁ።

አስቱ

ጋሼ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ይቅርታ። የሉዊዛን መጠጥና ሐዘን ጄራልድ ሲሸፍነው ፍቅር ነው ካልን፣ ድራማው ለሷ የሚያቅፋት ሰው ሲፈልግላትም ፍቅር ነው። እንደ ሴት ሳየው፣ አራት ልጅ አሳድጋ ራሷ ምን እንደምትፈልግ አንዴ እንኳ ያልተጠየቀች ሴት በመጨረሻ ተጠየቀች። እውነት ባይሆንም ደስ አለኝ።

ጉጉት ወዳጅ

የልጁን ነገር ረሳችሁት። የማታ አንባቢ፣ ለእህትሽ ልጅ እኔ የምልሽን ስሚ።

በድራማው አትጀምሪ። ግማሹ የትልልቆች የፍቅር ጣጣ ነው፣ ይሰለቸዋል። የ1987ቱ የቢቢሲ አለ፣ አስር ክፍል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፣ ሃና ጎርደን እናት፣ ብራያን ብለስድ ስፒሮ የሆኑበት። ምስሉ አርጅቷል፣ ዘገም ይላል፣ ግን ለልጁ ዓይን ታማኝ ነው፣ ጄሪ መሃል ላይ ነው ያለው። ካገኘሽው እሱን።

ከዚያ በፊት ግን መጽሐፉን አንብቢለት፣ ጮክ ብለሽ። ከመጀመሪያው አትነሺ። የጽጌረዳ ጥንዚዛ ሻጩ ካለበት ምዕራፍ ጀምሪ። አፉ የማይናገር ሰው ነው፣ በእጁና በፊቱ ነው የሚያወራው፣ ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቷል፣ ጥንዚዛዎችን በክር አስሮ በራሱ ዙሪያ ያበራቸዋል። ጄሪ ኤሊውን አኪሊስን ከሱ ነው የሚያገኘው፣ ያ እንጆሪ የሚወደው። ቀጥሎ ርግቡ ኳሲሞዶ አለ፦ ዋልዝ ሲከፈት እየተሽከረከረ፣ ማርሽ ሲከፈት ደረቱን ነፍቶ ወዲያ ወዲህ እየረገጠ ሸክላ ማጫወቻው አጠገብ የሚደንስ፣ በኋላ እንቁላል ጥሎ ሴት መሆኑ የሚታወቅ። ነፍሳት የሚወድ ልጅ እዚህ ላይ ካልተያዘ እኔን ጠይቂኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ኤሊው ይሞታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ። አስቀድመሽ አስቢበት።

አስቱ

ይሄን ምክር እኔም እቀበላለሁ፣ ለልጁ። ለአንቺ ግን የማታ አንባቢ፣ መጽሐፉን ስትጨርሺ ድራማውን ከመጀመሪያው ክፍል ደግመሽ እዪው። እናትየዋ ወጥ ቤት ቆማ ልጆቿ ሲጮሁ ዝም የምትልባቸው ቦታዎች አሉ። የመጽሐፉ «እማማ» ያለችው እዚያ ነው፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ስለቆየ ብቻ ነው ሌላ ሰው የመሰለችሽ።

የማታ አንባቢ

እሺ፣ የጥንዚዛ ሻጩን ምዕራፍ ዛሬ አውጥቼ አየሁት፣ ቅዳሜ ልጁ ሲመጣ በሱ እንጀምራለን። የ1987ቱን ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የኤሊውን ሞት ላንብብለት ወይስ ልዝለለው፣ እሱ ላይ ገና አልወሰንኩም።

ጉጉት ወዳጅ

አትዝለዪው። ጄሪም አልዘለለውም።